ልጁ ላይ የወጣው ነገር ከምግብ ነው ወይስ ከሌላ?

የማንጎ ሰሞን ሲገባ እኛ ፋርማሲ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፣ «ዶክተር ልጄ አፉ ዙሪያ ችፍ ችፍ አለበት፣ ምን ቅባት ልውሰድ?» (ባህር ዳር ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፣ እኔ ፋርማሲስት ነኝ ብዬ ማስረዳት ካቆምኩ ቆየሁ)። ልጁን ሳየው ከንፈሩ ዳርና አገጩ ላይ ደቃቅ ውሃ የቋጠረ ነገር አለ፣ አንዳንዴ ጭማቂው በጉንጩ የወረደበት መስመር ሁሉ ሳይቀር ሽፍ ብሎ ይታያል። ይሄ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሚበላው ከማንጎው ስጋ አይደለም፣ ከልጣጩና ፍሬው ከዛፉ ጋ ከሚያያዝበት ጫፍ ካለው ሙጫ ነው፣ ሙጫው ቆዳ የሚያስቆጣ ነገር አለው፣ የኛ ልጆች ደግሞ ቢላ መች ይጠብቃሉ፣ በጥርሳቸው ነው የሚልጡት። ነገሩን የሚያወሳስበው ወዲያው አለመውጣቱ ነው። ዛሬ በልቶ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ነው ብቅ የሚለው፣ ስለዚህ እናት ጠዋት የሰጠችውን እንቁላል ትከሳለች፣ ማንጎው ትዝም አይላት። ትልቅ ሰው ልጦ ቆርጦ ቢሰጠውና አፉንና እጁን ቢታጠብ ብዙው ልጅ ያለምንም ችግር ይበላዋል። እየበላ እዚያው ከንፈሩ ካበጠ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እመጣበታለሁ።

እና የምግብ አለርጂ ሽፍታን ከሌላው ለመለየት መጀመሪያ የምጠይቀው ሰዓቱን ነው። ከበላ ስንት ጊዜ ሆነው? እውነተኛው አለርጂ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚመጣው፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ2 ሰዓት ውስጥ። መልኩ ሳማ የለበለበው ቆዳ ነው የሚመስለው፣ እብጥ እብጥ ያለ፣ ጠርዙ የሚታወቅ፣ በጣም የሚያሳክክ፣ ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም፣ ሆዱ ላይ የነበረው ጠፍቶ ጀርባው ላይ ይወጣል፣ አንዱ እብጠት ለብቻው አብዛኛውን ጊዜ 24 ሰዓት አይሞላም፣ ሲጠፋም ምልክት አይተውም። ሌላው ደግሞ መደጋገሙ ነው፣ ያንን ምግብ በበላ ቁጥር ይመጣል። ባለፈው ሳምንት እንቁላል በልቶ ደህና የነበረ፣ ትናንትም በልቶ ደህና የነበረ ልጅ ዛሬ ሲያብጥበት እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ጉንፋን ይዞት ነበር ወይ ብዬ ነው፣ ምክንያቱም በልጆች ላይ እንዲህ አይነቱን እብጠት በብዛት የሚያመጣው ቫይረስ ነው እንጂ ምግብ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገሬ። ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ የምታገኙት ፎቶ በሙሉ ማለት ይቻላል የነጭ ልጅ ፎቶ ነው፣ ቀይ ቦግ ያለ። የኛ ጠይም ልጅ ቆዳ ላይ ያንን ቅላት አትጠብቁ። እብጠቱ የራሱን የቆዳ ቀለም ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ወይ ትንሽ ጠቆር ይላል። አንዲት እናት ከዘጌ ልጅ ይዛ መጥታ ሰውነቱን ያካል ግን ምንም የለበትም፣ ምች ነው መሰለኝ ትለኛለች፣ አብረዋት የመጡት አያቱ ግን ሸሚዙን ገልበው ጀርባው ላይ መዳፋቸውን አንዴ ሄድ መለስ አደረጉና «ኧረ እቴ፣ እስቲ ዳብሽው፣ ይጎረብጣል እኮ» አሏት። እውነትም ከወገቡ እስከ ብብቱ ሙሉ በሙሉ አብጧል፣ በአይን ግን አይታይም። ጾም ስለነበር ሰሊጥ ፍትፍት በልቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምለው የአያትየውን ነው፣ ልብሱን አውልቁና ዳስሱት፣ ወይ የስልክ መብራት ከፊት ሳይሆን ከጎን አብሩበት፣ እብጠቱ ጥላ ይሰራል።

ከሌሎቹ ጋር የሚያምታታው ይሄ ነው። ችፌ ደረቅና ሻካራ ነው፣ ክርንና ጉልበት መታጠፊያ ላይ፣ በጨቅላ ደግሞ ጉንጭ ላይ፣ ወራት ይቆያል እንጂ መጥቶ አይሄድም። ቢምቢና ቁንጫ የነከሰው መሀሉ ላይ ነጥብ አለው፣ ክንድና እግር ይመርጣል፣ ሐይቅ ዳር ለሚያመሽ ልጅ ይሄ ብርቅ አይደለም። ጣቶቹ መሀል ሆኖ ማታ ማታ የሚብስ ከሆነ፣ እናትም ወንድምም ካከኩ፣ እከክ ነው፣ ቤቱ በሙሉ ነው የሚታከመው። ቲማቲምና ሎሚ ከበላ በኋላ አፉ ዙሪያ ብቻ ቀላ ብሎ ወዲያው የሚጠፋው ደግሞ አሲዱ አቃጥሎት ነው፣ አለርጂ አይባልም። ትኩሳት፣ ሳልና የቀላ አይን ኖሮት ሽፍታው ከፊት ጀምሮ ወደታች ከወረደ ኩፍኝ ሊሆን ስለሚችል እኔ ጋ አትምጡ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አሁን «እየበላ ከንፈሩ ካበጠ» ብዬ እመጣበታለሁ ወዳልኩት። ሽፍታው ለብቻው ከሆነ ጊዜ አለ። ከሽፍታው ጋር ድምፁ ከጎረነነ፣ ካሳለ፣ ደረቱ ሲር ሲር ካለ፣ ምላሱ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ወይ ዝልፍልፍ ካለ ግን ባጃጅም ቢሆን ይዛችሁ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ነው፣ ፈለገ ህይወትም ጥበበ ግዮንም የቀረባችሁ። አንዳንዴ እንዲያውም ሽፍታው ሳይወጣ ነው ይሄ ሁሉ የሚመጣው። እዚያ የሚያድነው ጭን ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው። ሴትሪዚን የሚባለው የአለርጂ መድኃኒት ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም፣ የድሮዎቹ የአለርጂ ሽሮፖች ደግሞ ያስተኛሉ፣ የደከመ ልጅ ሲተኛ ተሻለው ተብሎ ይታለፋል፣ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። እንዲህ የሆነ ልጅ በጀርባው ጋደም ይበል፣ እግሩ ከፍ ይበል፣ መተንፈስ ከከበደው ግን ቁጭ ይበል፣ አቁማችሁ አታስኪዱት።

ዓሣ ላይ ጥያቄ ይበዛል፣ ጣና ዳር ተቀምጠን ባይበዛ ነው የሚገርመው። ዓሣ የማይስማማው ልጅ ሐይቅ ዳር ዓሣ ቤት ወስዳችሁ «ለሱ ድንች ጥብስ ነው ያዘዝኩለት» ብትሉ አይሰራም፣ ድንቹ ቆሮሶው (ዓሣው) በተጠበሰበት ዘይት ነው የሚጠበሰው፣ እንዲያውም አንዳንዱ ልጅ የመጥበሻው እንፋሎት ብቻ ይበቃዋል። የእንቁላልና የወተት አለርጂ ብዙ ጊዜ እያደጉ ይለቃቸዋል፣ የዓሣ፣ የለውዝና የሰሊጥ ግን አብዛኛው ላይ ይቆያል።

ሽፍታ በታየ ቁጥር እንቁላልም ወተትም ዓሣም የሚያስቆሙ ወላጆች አሉ፣ ይሄን ፈጽሞ አልደግፍም፣ ልጁ ይከሳል፣ ሽፍታውም እዚያው ነው። ምግቡን ለሕፃን ማስጀመሩን ማቆየትም አይጠቅምም፣ እ.ኤ.አ በ2015 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ለአለርጂ ተጋላጭ የሆኑ ሕፃናት 1 ዓመት ሳይሞላቸው ለውዝ ሲጀመርላቸው 5 ዓመት ላይ የለውዝ አለርጂው በ80 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል፣ እዚያም ቢሆን ከባድ ችፌ ወይ የእንቁላል አለርጂ ያለበት ልጅ በሐኪም ነው የጀመረው። ለውዝ ስል የተፈጨ፣ ገንፎ ውስጥ የገባ ማለቴ ነው፣ ፍሬው ትንሽ ልጅ ያንቃል። ቅባትም እንዲሁ በግምት አትግዙ፣ ሦስት አራት ነገር የተቀላቀለበትን ስቴሮይድ የጨቅላ ፊት ላይ መለቅለቅ ቆዳውን ያሳሳዋል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ እብጠቱ ጠፍቶ ስለሚደርስ እንደወጣ ፎቶ አንሱት፣ ምን በላ፣ በስንት ሰዓት፣ መቼ ወጣ የሚለውን እዚያው ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ሽሮ ከሆነ «ሽሮ» ብላችሁ አትለፉት፣ ያዘጋጀችውን ጠይቁ፣ ሽምብራ ነው፣ አተር ነው፣ ባቄላ ነው፣ እኛ ጎጃሞች ጋ ጓያም ይገባበታል።