«አንላይክሊ» ስንት ፐርሰንት ነው?

ለትርጉም የሚመጡልኝ ጽሑፎች በብዛት ስለ አየር ንብረትና ስለ ጤና ናቸው። በሁለቱም «አንላይክሊ» የምትባል የእንግሊዝኛ ቃል አትጠፋም። ብዙ ሰው «የማይመስል» ብሎ ያልፋታል። «የማይመስል ነገር ለሚስትህ አትንገር» ሲባል ሰምቶ ላደገ ሰው ግን «የማይመስል» ማለት ማንም የማያምነው ወሬ ነው። «አንላይክሊ» እንዲህ አይደለችም። ነገሩ ሊሆን ይችላል፤ ያለመሆኑ ግን ያመዝናል።

ስለዚህ ቃሏን በደንብ ላጠናት ተነሳሁ። ሰዋስዋ ቀላል ነው። መጨረሻዋ «ሊ» ስለሆነ ተውሳከ ግስ ትመስላለች፤ ቅጽል ናት። «ሂ አንላይክሊ ካምስ» አይባልም። «ሂ ኢዝ አንላይክሊ ቱ ካም» ወይም «ኢት ኢዝ አንላይክሊ ዛት ሂ ዊል ካም» ነው የሚባለው። ሁለቱን ግሱን እየቀያየርኩ ጮክ ብዬ ደጋገምኳቸው፣ አፌ ለመደ።

ከባዱ ልኩ ነው። እዚህ ላይ አይፒሲሲ፣ ማለትም የተመድ የአየር ንብረት ለውጥ የሳይንቲስቶች ፓነል፣ በጣም ረድቶኛል። በሪፖርቶቹ ለቃላቱ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። «አንላይክሊ» ከ0 እስከ 33 በመቶ ናት። «ቬሪ አንላይክሊ» እስከ 10፣ «ኤክሴፕሽናሊ አንላይክሊ» እስከ 1 በመቶ ይወርዳሉ። 33 በመቶ እኮ ከሦስት አንድ ነው! ጎርፍ የመምጣቱ ነገር ከሦስት አንድ ነው ቢባል ወንዝ ዳር ቤት የሚሠራ ማን ነው?

የአሜሪካ የስለላ ተቋማት መመሪያ ደግሞ ያቺኑ ቃል ከ20 እስከ 45 በመቶ ያደርጋታል። እነሱ ወደ ቁጥር የሄዱት በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የሲአይኤው ሸርማን ኬንትና ባልደረቦቹ በዩጎዝላቪያ ላይ ወረራ ሊኖር እንደሚችል ጽፈው ነበር። «ሲሪየስ ፖሲቢሊቲ» ነው ያሉት፤ በቁም ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው እንደማለት። ኬንት ኋላ ባልደረቦቹን ስንት በመቶ ማለታችሁ ነበር ብሎ ሲጠይቅ መልሳቸው ከ20 እስከ 80 ተበታተነ። አንድ ላይ የፈረሙበት ጽሑፍ ነው እንግዲህ።

ይህን ካየሁ በኋላ ዋናው ጽሑፍ ቁጥር ካለው ቁጥሩን ከቃሉ ጋር አብሬ አስገባለሁ። ከሌለው ጸሐፊውን እጠይቃለሁ። በጤና ጽሑፍ ላይ ደግሞ «ዕድል» የሚለውን ቃል እሸሻለሁ። «የመታመም ዕድልዎ አነስተኛ ነው» ሲባል እናቶቻችን ዕድል የሚሉት መልካሙን ነገር ነውና ግራ ይገባቸዋል። «ይህ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም» ብል ግን ወዲያው ይገባቸዋል።

አንድ አጠቃቀም ግን ቁጥር አያስፈልገውም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወዳጃችሁን ሠርግ ጠርታችሁት «አይ አም አንላይክሊ ቱ ሜክ ኢት» ቢላችሁ፣ በትህትና አልመጣም ማለቱ ነው። ወንበር አትያዙለት።