ቫትስላቭን ብዬ ሄጄ ቦሌስላቭ ላይ ቀረሁ

ፕራግ ውስጥ ሰው ሲቀጣጠር «ፈረሱ ጋ» ነው የሚባባለው። የትኛው ፈረስ ተብሎ አይጠየቅም። በረጅሙ አደባባይ አናት ላይ፣ ከብሔራዊ ሙዚየሙ ፊት ለፊት የቆመው ነው። ላዩ ላይ ጦር ይዞ የተቀመጠው የቼኮች መስፍን ቫትስላቭ ይባላል። እኔም ከጓደኛዬ ጋር የተቀጣጠርነው እዚያው ነበር። እስኪመጣ ሐውልቱን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። በአራቱ ማዕዘን አራት ቅዱሳን ቆመዋል፤ አንዷ አያቱ ሉድሚላ ናት። የገደለው ወንድሙ ቦሌስላቭ ግን የለም። ደግሞ ገዳይ ምን ሊሠራ ሐውልት ላይ ይወጣል ትሉ ይሆናል። ቆዩኝማ።

ድሬስደን ለሚኖር ሰው ፕራግ ጎረቤት ናት። ባቡሩ የኤልበን ወንዝ ተከትሎ ይጓዛል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መንገዱን የጨረስኩት ስለዚህ መስፍን ሳነብ ነበር። ቫትስላቭ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ907 አካባቢ ነው። አያቱ ሉድሚላና ባሏ ቦርዚቮይ ከቤተሰቡ መጀመሪያ የተጠመቁት ናቸው። ያጠመቃቸውም ለስላቮች ወንጌልን በቋንቋቸው ካመጡት ሁለት ወንድማማቾች አንዱ፣ ሜቶዲዮስ ነው ይባላል። ልጁ የስላቮን መጻሕፍቱን አያቱ ዘንድ፣ ላቲኑን ደግሞ ቡዴች በሚባል አምባ ተማረ።

አባቱ በ921 ሲሞት ቫትስላቭ ገና አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። እናቱ ድራሆሚራና አያቱ ሉድሚላ በሞግዚትነቱ ተጣሉ። የአማትና የምራት ኩርፊያ የትም አለ፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 15 ምራቷ የላከቻቸው ሰዎች ቴቲን ድረስ ሄደው አሮጊቷን አንቀው ገደሏት። በሻሿ ነው ያነቋት ይባላል። ለዚህ ነው ሥዕሎቿ ላይ አንገቷ ዙሪያ ሻሽ የማይጠፋው። ቫትስላቭ አድጎ ሥልጣኑን ሲይዝ የአያቱን አፅም አስመጥቶ በፕራግ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አሳረፈ። መቃብሯ ዛሬም እዚያው ነው።

የገዛው ወደ አሥር ዓመት ብቻ ነው። በ929 የጀርመኑ ንጉሥ ሄንሪክ ከባቫሪያው መስፍን ጋር ሆኖ ጦሩን ፕራግ ደጃፍ አደረሰ። ቫትስላቭ አልተዋጋም፣ ገበረ። ፈሪ ነው የሚሉት አሉ። ለኔ ግን የሚያዋጣውን ያወቀ ሰው ነው። በሰላሙም ጊዜ የቅዱስ ቪተስን ቤተ ክርስቲያን ክብ አድርጎ አሠራ። ዛሬ ያለው ግዙፍ ካቴድራል የቆመው በዚያው ቦታ ላይ ነው።

ካቴድራሉ ውስጥ የቫትስላቭ ጸሎት ቤት አለ፤ አፄ ካርል አራተኛ ያሠራው ነው፣ የተባረከውም በ1367። ልክ መቃብሩ ላይ ነው የተሠራው። መግባት አይቻልም። በሩ ላይ ገመድ አለ፣ አንገት አስግጎ ማየት ብቻ። ቱሪስቱ እየተጋፋ ስልኩን ዘርግቶ ይቀርፃል። ግድግዳው በወርቅ መደብ ላይ በተለጠፉ የከበሩ ድንጋዮች ተሸፍኗል፤ ሐምራዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ የጡጫ ያክል። አንዱም በቅጡ አልተሞረደም፣ ጠርዛቸው ወጣ ገባ ነው፤ ያማሩትም ለዚህ ይመስለኛል። በሰሜኑ በር ላይ ደግሞ የአንበሳ ራስ አለ፣ አፉ ውስጥ ትልቅ ቀለበት ነክሷል። መስፍኑ ተመትቶ ሲወድቅ የጨበጠው ቀለበት ይሄ ነው ይላሉ። ከጸሎት ቤቱ ጥግ የቼክ ነገሥታት ዘውድ ወደተቀመጠበት ክፍል የሚያስገባ በር አለ፣ ሰባት ቁልፍ ያለው። ቁልፎቹን ሰባት ሰዎች ተከፋፍለው ይይዛሉ፤ ፕሬዚዳንቱ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩና ሊቀ ጳጳሱ ከእነሱ ውስጥ ናቸው።

በማግስቱ ስታራ ቦሌስላቭ ሄድኩ። ከፕራግ ሰሜን ምሥራቅ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ከባቡሩ መስኮት ያየሁት ኤልበ በእሷም በኩል ያልፋል። ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ነገሩ ሁሉ የሆነው እዚህ ነው። በ935 (929 የሚሉም አሉ) ቦሌስላቭ ወንድሙን ለሰማዕታቱ ለቆዝሞስና ድምያኖስ በዓል ጠራው። ቅዳሴው አለቀ፣ ቫትስላቭ ልሂድ አለ፣ ወንድሙ እንዴት ሳትጠጣ ብሎ አስቀረው። በንጋታው ደወል ተደወለ። ቫትስላቭ ለጸሎት ሲወጣ ወንድሙን መንገድ ላይ አገኘውና ስለ ግብዣው አመሰገነው። ቦሌስላቭ በሰይፍ አናቱን መታው። ገድሉ እንደሚለው ቫትስላቭ ወንድሙን ይዞ መሬት ላይ ጣለው፤ መግደል ይችል ነበር፣ አልገደለውም። ግርግሩን ሰምተው የቦሌስላቭ ሰዎች ደረሱ። ቫትስላቭ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሮጥ በሩ ላይ ጨረሱት። ቀኑ ሴፕቴምበር 28 ነበር። ይህ ቀን ዛሬ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ የመስቀል ማግስት ላይ ይውላል።

በዚያ ቦታ አሁን ያለው ባዚሊካ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የተጀመረ ነው። ከሥሩ ዝቅተኛ ጣሪያ ያለው ምድር ቤት አለ፣ የሁለቱን ሰማዕታት ስም የያዘ። በሩን የከፈቱልኝ አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ ጀርመንኛ ትንሽ ይሞክራሉ። ቆዝሞስንና ድምያኖስን እኛም ኅዳር 22 እናስባቸዋለን ስላቸው ዓይናቸው ፈጠጠ። ከየት ነህ? ከኢትዮጵያ። «እነሱ እዚያም አሉ?» ብለው እጄን ያዙ። ከዚያ በኋላ መብራቱን ሁሉ አበሩልኝ፤ ቅድም ግማሹን ብቻ ነበር።

ከተማዋ የምትጠራው በገዳዩ ስም መሆኑን ልብ ያልኩት ስወጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ቦሌስላቭ ማሰብ አላቆምኩም። ምክንያቱም ወንድሙን ከገደለ ከሦስት ዓመት በኋላ አስከሬኑን ፕራግ አስመጥቶ በቪተስ ቤተ ክርስቲያን ያስቀበረው እሱ ራሱ ነው። በሌሊት ነው ያስመጣው ይላሉ ጸሐፊዎቹ። ንስሐ ይሁን ፖለቲካ፣ ሁለቱም ይሁን፣ ቅዱሱን ፕራግ ያስገባው ገዳዩ ነው። ኮስማስ የተባለው የፕራግ ታሪክ ጸሐፊ ደግሞ በዚያ የግብዣ ሰሞን ቦሌስላቭ ወንድ ልጅ እንደተወለደለትና ደንግጦ ለምንኩስና እንደሳለው ጽፏል።

ግዛቱም ቀላል አልነበረም። ወንድሙ የገበረውን ግብር እምቢ ብሎ የሄንሪክን ልጅ ንጉሥ ኦቶን 14 ዓመት ተዋጋ። በ950 ተሸነፈና ገበረ። በ955 ማጃሮች (ሀንጋሪዎቹ) ጀርመን ውስጥ ሌህፌልድ ላይ ሲሸነፉ ግን ከኦቶ ጎን አንድ ሺህ የቼክ ተዋጊዎች ተሰልፈዋል። የመጀመሪያው የቼክ የብር ገንዘብ የተመታው በእሱ ዘመን ነው። ሴት ልጁ ዶብራቫ በ965 የፖላንዱን መስፍን ሚየሽኮ አገባች፣ በዓመቱ ሚየሽኮ ተጠመቀ። በዚያው ሰሞን ኢብራሂም ኢብን ያዕቆብ የሚባል ከስፔን የመጣ አይሁዳዊ ፕራግን አየ። ከድንጋይና ከኖራ የተሠራች፣ ንግዷ የደራ ከተማ ናት ብሎ ጻፈ። ከሸቀጦቿ መካከል ቆርቆሮና የአውሬ ቆዳ ይጠቅሳል፣ ባሪያም እንዲሁ። አገሪቱ የቆመችበት ብር ከየት እንደመጣ ሳስብ ይቺ መስመር አልወጣልኝ አለች። ቼኮች «ጨካኙ ቦሌስላቭ» ይሉታል፤ ቅጽሉን ያወጡለት ግን ለወንድሙ ነው እንጂ ለተሸጡት አይደለም።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ሴፕቴምበር 28 ብሔራዊ በዓል ነው። የቫትስላቭ ራስ ቅል ከፕራግ ስታራ ቦሌስላቭ መጥቶ ትልቅ ቅዳሴ ይደረጋል፣ ከተማዋ መቆሚያ አይገኝባትም። ምድር ቤቱን በእርጋታ ማየት የፈለገ በሌላ ቀን ይሂድ። ካቴድራሉ ውስጥ ደግሞ በጠዋት ግቡ። ከረፋድ በኋላ ከገመዱ ጀርባ የሰው ትከሻ እንጂ የከበረ ድንጋይ አታዩም።