ድመቶቹ ያለቁበት ባሕር፦ ሚናማታ

ሚናማታ በምትባለው የጃፓን ከተማ መጀመሪያ የሚያናድደው አውቶቡሱ ነው። አንዱ ካመለጠ ሌላው መቼ እንደሚመጣ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ጃፓን ማለት በየሦስት ደቂቃው ባቡር ነው ያለኝ ሰው ኪዩሹ ደሴትን አላየም። ከፉኩኦካ ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን ሳላስበው አደረሰኝ። ከሺን ሚናማታ ጣቢያ እስከ ባሕሩ ያለችው ትንሽ መንገድ ግን ጠዋቴን በላችው።

ፉኩኦካ የሄድኩት ለሥልጠና ነበር። ቅዳሜና እሁድ እረፍት ሲሰጡን ጓደኞቼ ገበያ ወጡ። እኔ የሜርኩሪ ታሪክ ያለበት ከተማ ልሄድ ነው ስላቸው አንዱ «አንተ ሰው ጤና የለህም እንዴ?» አለኝ። ነገሩ ግን ዝም ብሎ ጉጉት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ያደግሁት ወደ አቃቂ በኩል ነው። በዚያ ወንዝ የሚለማውን ጎመን ስንበላ ነው የኖርነው። በኋላ ጥናቶች አትክልቱ ውስጥ ከባድ ብረቶች ማግኘታቸውን ሳነብ ጎመኑ ምን መስሎ ነበር ብዬ ለማስታወስ ሞከርኩ። አረንጓዴ ነበር። ምንም አይልም ነበር።

ያደርኩት ዩኖኮ በሚባል የፍልውኃ ሰፈር ነው። ፍልውኃው ግሩም ነበር። ሌሊቱ ግን አይነሳ! ትራሱ ውስጥ የእህል ገለባ ታጭቆበታል፤ ዞር ባልኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ጠዋት ሒሳብ ስጠይቅ ላልበላሁት እራት 3,000 የን ተጨምሮ መጣ። አርፍጄ ነው የገባሁት፣ አልበላሁም ብዬ በስልኬ ትርጉም ተከራከርኩ። ሴትየዋ ፈገግ ብላ ጎንበስ ትላለች። እኔም ጎንበስ እላለሁ። በመጨረሻ ከፈልኩ። እንዲህ በትሕትና ኪሴን የዳበሰኝ ሰው የለም።

ኢኮ ፓርክ የሚባለው ቦታ ስደርስ ግንቦት ስለነበር ጽጌረዳው ፈክቷል። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ሜዳው 58 ሄክታር ነው፤ ድሮ ባሕር ነበር። ከ1977 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ድረስ ከባሕረ ሰላጤው ወለል ከ25 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 25 እጅ) በላይ ሜርኩሪ ያለበትን ደለል እየመጠጡ እዚህ ከመሩት፤ ከዚያ አፈር አለበሱት። የተበከለው ዓሣም በበርሜል ታሽጎ እዚሁ ተቀብሯል። ይህን ካወቁ በኋላ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ መቀመጥ ትንሽ ይከብዳል። ቆሜ ብስኩቴን በላሁ።

መነሻው ቺሶ የሚባለው ፋብሪካ ነው። ከ1932 እስከ 1968 አሴታልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል ሲያመርት ሜርኩሪን እንደ ማቀላጠፊያ ይጠቀም ነበር። በሂደቱ ሚቲል ሜርኩሪ የሚባል መርዛማ የሜርኩሪ ዓይነት ይፈጠራል፤ ፍሳሹ ሂያከን በሚባለው ቦይ በኩል ባሕር ይገባል። ቦዩ አጠገብ የነበረው ጭቃ ከ2,000 ፒፒኤም በላይ ሜርኩሪ ተገኝቶበታል።

በጣም የገረመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም፤ የጀልባዎቹ ወሬ ነው። ጀልባ ባሕር ላይ ከቆመ ሆዱ ላይ ዛጎል ይለጠፋል፤ ፍቆ ማንሳት ደግሞ ትልቅ ሥራ ነው። ሂያከን አጠገብ የታሰረ ጀልባ ግን ሆዱ ንጹሕ ነው። ዛጎሎቹ እዚያ ውኃ ውስጥ አይቆዩም። ስለዚህ ዓሣ አጥማጆች ሆን ብለው ጀልባቸውን እዚያ እያመጡ ያስሩ ነበር! ነፃ የጀልባ እጥበት። ማንም «ይኼ ውኃ ምን ቢሆን ነው?» ብሎ አልጠየቀም ማለት አይደለም። ግን ፋብሪካው የከተማው እንጀራ ነው፤ በእንጀራ ላይ ማን ይናገራል።

ከዚያ ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ መንሳፈፍ ጀመረ። ቁራ ከሰማይ ይወድቃል። ድመቶች እየተንገዳገዱ ይዞራሉ፤ አንዳንዶቹ ባሕር ውስጥ ይገባሉ። ሰዉ «የድመት ዳንስ» አለው። ሞዶ በሚባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ድመቶቹ ከማለቃቸው የተነሳ አይጥ በዝቶ መረብ አላስቀምጥ አለ። ነገሩ ነሐሴ 1954 ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ዜናው ግን የአይጥ ዜና ነበር። የሰው በሽታ በይፋ የተመዘገበው ሜይ 1 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. ነው።

ሙዚየሙ መግቢያ አያስከፍልም። የፋብሪካው ሆስፒታል ሐኪም የነበሩት ሆሶካዋ ሃጂሜ በ1959 የፋብሪካውን ፍሳሽ ለድመት አብልተው ነበር። ቁጥር 400 የተባለችው ድመት ታመመች። ኩባንያው ውጤቱን ደበቀ። መንግሥት ምክንያቱ የፋብሪካው ፍሳሽ መሆኑን ያመነው በ1968 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቦዩ ይፈስሳል።

እዚያው አንዲት አሮጊት ለጎብኚዎች ሲናገሩ ደረስኩ። በልቤ እማማ አልኳቸው። ስልኬ ግማሹን እየበላ ቢተረጉምልኝም ዋናው ገባኝ። ቤታቸው ዓሣ ጠዋት ማታ ይበላ ነበር። ዓሣው አይሸትም፤ ጣዕሙም አልተለወጠም። ሚቲል ሜርኩሪ የሚቀመጠው ሥጋው ውስጥ ነው፤ እንደ ጮማ ቆርጠህ አትጥለውም፣ ብትቀቅለውም አይወጣም። ፕላንክተን የሚባሉት ደቃቅ የባሕር ፍጥረታት ይይዙትና ትንሹ ዓሣ ይበላቸዋል፣ ትንሹን ትልቁ፤ በየደረጃው እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሰው ጋ ሲደርስ አንጎል ይገባል። የእጅ ጣት መደንዘዝ ይጀምርና እይታ ይጠባል፣ አንደበት ይተሳሰራል።

ከሁሉ የከበደኝ የእትብቱ ታሪክ ነው። እኛ እትብት እንቀብራለን፤ ጃፓኖች አድርቀው በትንሽ ሳጥን ያስቀምጣሉ። በዚያ ዘመን ሐኪሞች እንግዴ ልጅ መርዝ አያሳልፍም ብለው ያምኑ ነበር። እናትየው ደህና መስላ ልጇ ታሞ ሲወለድ ግራ ገባቸው። ኋላ እነዚያ በየቤቱ የተቀመጡ የደረቁ እትብቶች ተመረመሩ፤ ሜርኩሪው እዚያው ነበር።

ስወጣ ባሕሩን እንደገና አየሁት። ፊት ለፊት ኮይጂ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ከ1974 ጀምሮ የተበከለው ዓሣ እንዳይወጣ ባሕረ ሰላጤውን በመረብ አጥረውት ነበር። ባሕር በመረብ ይታጠራል? እኔም ሳቄ መጣ። ግን 23 ዓመት ያህል ቆየ፤ በ1997 ዓሣው ከተፈቀደው መጠን በታች መሆኑ ሲረጋገጥ ተነሣ። አሁን ጠላቂዎች የባሕር ፈረስ ያዩበታል።

ምሳ ሩዝ ላይ የተከመረ ሺራሱ በላሁ፤ ከጥፍር የማይበልጥ ነጭ ዓሣ ነው፤ ዐይኖቹ ጥቁር ነጥብ ናቸው፣ መቶ ዐይን ያየኝ መሰለኝ። የበላሁት ግን በደንብ ነው። እናቴ ዓሣ የጾም ነው አይደለም እያለች ከጎረቤት ጋር የምትከራከረውን እያሰብኩ ጨረስኩት።

አውቶቡሱ እንደገና አመለጠኝ። በእግሬ ስጓዝ አንድ ጋሼ ትንሽ ነጭ መኪናቸውን አቁመው «ጣቢያ?» አሉኝ። እንግሊዝኛ ይሞክራሉ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናቸው። ነገሩ አልቋል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። መሪውን ለቀው እጃቸውን አወዛወዙ። ገና ፍርድ ቤት ላይ ያሉ ብዙ ናቸው፤ በ2023 የኦሳካ ፍርድ ቤት 128ቱንም ከሳሾች ተጠቂ ናችሁ ብሏል። በ2024ቱ የመታሰቢያ ቀን ደግሞ ተጠቂዎች ለአካባቢ ሚኒስትሩ ሲናገሩ ሦስት ደቂቃ አለፈ ተብሎ ማይክ ተዘጋባቸው። ሚኒስትሩ ተመልሰው መጥተው ይቅርታ ጠየቁ። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ «ሦስት ደቂቃ!» እያሉ ደጋገሙት።

ቱና ትወዳለህ አሉኝ። እወዳለሁ አልኩ። የዚህ ዓሣ ይሻልሃል ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው፤ ትልልቅ ቱና ሜርኩሪ ያጠራቅማል፤ የጃፓን መንግሥትም እርጉዝ ሴቶች አንዳንዱን የቱና ዓይነት በሳምንት ከ80 ግራም ያህል እንዳያልፉ ይመክራል።

ለነዳጅ ብዬ ገንዘብ ባወጣ ተቆጡ። ይልቁንም ከኋላ ወንበር አንድ ከረጢት ሽንኩርት አንስተው አስታቀፉኝ። የአካባቢው ሽንኩርት በጥሬው ይበላል፤ አያቃጥልም፣ ይጣፍጣል። እራቴንም እሱን በዳቦ አደረግሁት፤ 3,000 የኑን በዚህ አካካስኩ።