«41 ቁጥር ላኩልኝ»

በኦንላይን ብቻ በሚሸጥ የጫማ ድርጅት ውስጥ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ነኝ። የእኔ ድርሻ በተለምዶ ፌቲሽ (ከወሲባዊ ስሜት ጋር የተያያዙ) የሚባሉት ቡትሶች ናቸው፤ ከጉልበት በላይ የሚወጡ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጭን በክር የሚታሰሩ፣ ታኮአቸው 15፣ 18፣ አልፎ አልፎም 20 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ። ገዢዎቻችን ብዙ ዓይነት ናቸው። የመድረክ ተወዛዋዦች አሉ፣ ለፎቶ የሚፈልጉት አሉ፣ ከፍቅር ጓደኛቸው ጋር ተማክረው የሚያዙ አሉ፣ ቤታቸው ውስጥ ለብቻቸው ሊያደርጉት የሚገዙም አሉ። ለምን እንደፈለጉት አልጠይቅም። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ግን ይህን ጫማ ሱቅ ገብተው፣ አድርገው፣ ጥቂት ተራምደው የመግዛት ዕድል አለማግኘታቸው ነው። ወይ በአቅራቢያቸው የለም፣ ወይ ሰው ፊት መሞከር ይከብዳቸዋል። ስለዚህ የሚያውቋትን አንዲት ቁጥር ይዘው ያዛሉ፤ አልሆን ሲላቸው ደግሞ ጥፋቱን በገዛ እግራቸው ላይ ያላክካሉ። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

አንድ ቀን እንዲህ የሚል መልእክት ደረሰኝ። «ቁጥሬ 39 ነው። 39 ላካችሁልኝ፣ ጣቶቼን ጨፈለቀኝ። መልሼ 40 ወሰድኩ፣ አሁንም ጣቶቼን ይጨፈልቀኛል፤ ተረከዜ ደግሞ ከኋላ እየወጣ አስቸገረኝ። እግሬ እንግዳ ቅርጽ ሳይኖረው አይቀርም። እባካችሁ 41 ላኩልኝና ነገሩ ይብቃ።»

አለቃዬ መልእክቱን አየና «ላኪላቸውና ዝጊው» አለኝ። ጣት ጨፈለቀኝ ላለ ደንበኛ አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ በእኛ ክፍል የተለመደ መልስ ነው፤ ለጠፍጣፋ ጫማ ብዙ ጊዜ ይሠራል። እዚህ ግን አብረው የማይሄዱ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ከፊት ይጠባል፣ ከኋላ ይሰፋል። በአውሮፓ አለካክ አንድ ቁጥር ማለት ጫማው የሚሠራበት ፎርማ በሁለት ሦስተኛ ሳንቲ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው፤ ወደ 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ። ችግሩ የርዝመት ማነስ ቢሆን ኖሮ ያቺ 6.7 ሚሊ ሜትር ትንሽም ቢሆን ልታስተነፍሳቸው ይገባ ነበር። ምንም አልቀየረችም። ስለዚህ 41ዱን ከመላኬ በፊት ፎቶ ጠየቅሁ። ቡትሱን አድርገው በሁለቱም እግር እኩል ቆመው ከጎን አንድ፣ ከኋላ አንድ እንዲያነሱልኝ፣ ዚፑም እስከየት እንደሚዘጋ እንዲያሳዩኝ።

የጎኑ ፎቶ ብቻውን በቂ ነበር። ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት ቆዳው ተደራርቦ ተሸብሽቧል። ጉልበታቸው ቀጥ አላለም፤ እንደታጠፈ ነው የቆሙት። የታኮው ጫፍ ወለሉን በሙሉ አልነካም። በተረከዛቸውና በቡትሱ የኋላ ግድግዳ መካከል ጠቋሚ ጣታቸውን አስገብተው አሳይተውኛል፤ ጣቷ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገብታለች። እግሩ የሚገባው ቦታ ላይ አልተቀመጠም። ተንሸራቶ ወደ አፍንጫው ወርዶ፣ የሰውየው ሙሉ ክብደት ጣቶቹን ከቡትሱ ሹል ጫፍ ጋር እያጋጨ ነበር። በ41 ቁጥር ደግሞ የሚንሸራተትበት ቦታ ይበልጥ ይረዝማል።

ያዘዙት ቡትስ ታኮው 15 ሳ.ሜ፣ የፊት ሶሉ ደግሞ 1 ሳ.ሜ ብቻ ነው። ገዢው የሚያየው 15ቱን ነው፤ እግር የሚያውቀው ግን የሁለቱን ልዩነት ነው። ተረከዙ ከጣቶቹ በላይ 14 ሳ.ሜ ተሰቅሏል ማለት ነው። 39 ቁጥር በሚያደርግ እግር ላይ ከተረከዝ ጫፍ እስከ ጣቶች ሥር ያለው ርቀት 17 ወይም 18 ሳ.ሜ ቢሆን ነው። በዚህ ርዝመት ላይ 14 ሳ.ሜ ስናነሣ እግሩ ከ50 ዲግሪ በላይ ይቆማል። ለብዙ ሰው ቁርጭምጭሚት ይህ የመጨረሻው ጥግ ነው፤ አንዳንዱ ጨርሶ አይደርስበትም። ያልደረሰበት ሰው ጉልበቱን አጥፎ ያካክሳል፤ ፎቶው ላይ ያየሁትም ይህንኑ ነው። አንድ ሞዴል በሁሉም ቁጥር የሚሠራው ብዙ ጊዜ በተቀራራቢ ታኮ ነውና፣ ያው ቡትስ 36 ለሚያደርግ ሰው እጅግ ቀጥ ያለ ሲሆን 42 ለሚያደርግ ሰው ይለዝባል። በዚህም የተነሣ አንድ ገዢ «በጣም ይመቻል» ያለው ቡትስ ሌላውን አንድ እርምጃ ላያስኬደው ይችላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ሌላም ነገር አለ። እግራችንን የምንለካው ወለል ላይ ጠፍጣፋ አድርገን ነው፤ ታኮ ውስጥ ያለ እግር ግን ያው እግር አይደለም። ሂክስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳሳየው፣ ጣቶች ወደ ላይ ሲታጠፉ በውስጥ እግር በኩል የተዘረጋው ጠንካራ ጅማት ይወጠራል፤ ሲወጠር ቅስቱን ከፍ ያደርግና እግሩን ያሳጥረዋል። ረጅም ታኮ ውስጥ ጣቶች ሁልጊዜ የታጠፉ ናቸው። ስለዚህ በጠፍጣፋ ልክ የተመረጠው ቁጥር ራሱ ታኮ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ክፍተት ይኖረዋል። ቁጥር መጨመር ይህን ክፍተት ማስፋት ነው።

ደወልኩላቸው። «ታዲያ ቁጥሬን አላውቀውም እያሉኝ ነው?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ላይ ድካም ነበር።

«ቁጥርዎ ትክክል ነው፤ እግርዎም ምንም አልሆነም። ቡትሱ ከእግርዎ የሚጠይቀው ከፍታ ነው ያልተስማማው። አንድ ነገር ላስለካዎት እችላለሁ?»

ባዶ እግራቸውን ግድግዳ አጠገብ እንዲቆሙ፣ ግድግዳውን በእጃቸው ይዘው፣ ጉልበታቸውን ሳያጥፉ በጣቶቻቸው ላይ የሚችሉትን ያህል ከፍ እንዲሉ ነገርኳቸው። አብሯቸው ያለ ሰው ከወለሉ እስከ ተረከዛቸው ሥር በልብስ ሰፊ ሜትር ለካ። 10 ሳ.ሜ ተኩል። ይህ ልኬት ከማንኛውም የቁጥር ሰንጠረዥ ይበልጥብኛል። ሰው በራሱ ጡንቻ 10 ተኩል ላይ ብቻ መቆም ከቻለ፣ 14 የሚጠይቅ ቡትስ በ39ም በ41ም አይሆነውም።

ከዚያ ያለው ምርጫ ቀላል አልነበረም። እሳቸው የወደዱት ያን ቀጭን፣ ፊቱ ከወለሉ ጋር የተጣበቀ ቅርጽ ነው። የፊት ሶሉ ሲወፍር ያ መስመር ይጠፋል፤ ይህን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ቅርጹን ከመረጡ ታኮው ወደ 11 ሳ.ሜ መውረድ አለበት፤ ቁመቱን ከመረጡ የፊት ሶሉ 5 ሳ.ሜ የሆነ ባለ 15 አለን፤ ልዩነቱ 10 ብቻ ነው፣ እግሩም 35 ዲግሪ ገደማ ላይ ያርፋል። ትንሽ አሰቡና «ቁመቱን ካጣሁማ ምን ቀረኝ» አሉ። ባለ ወፍራም ሶሉን አዘዙ፤ በ39።

ግን አላቆምንም፤ ባታቸው ነበረና። የዚፑ ፎቶ ላይ ዚፑ የባታቸው እኩሌታ ላይ ቆሟል። የሰጡኝ የባት ልክ 37 ሳ.ሜ ነው፤ ቡትሱም 37 ተኩል ይላል፤ በወረቀት ላይ መዘጋት ነበረበት። «ሲለኩ እንዴት ነበሩ?» አልኳቸው። ተቀምጠው ነው የለኩት። ተረከዝ ሲነሣ የባት ጡንቻ ይሰበሰባል፣ ይወፍራል፣ ወፍራሙ ቦታም ወደ ላይ ይወጣል። ተረከዛቸውን መጻሕፍት ደራርበው 10 ሳ.ሜ ከፍ አድርገው ቆመው፣ የሚያደርጉትን ስቶኪንግ አጥልቀው፣ ወደ ማታ ላይ እንደገና ሲለኩ 38 አለፈ። ማታ ያልኩት እግር ቀኑን ሙሉ ቆይቶ ስለሚያብጥ ነው። የሚያብረቀርቀው ቡትስ ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ስለነበር አይለጠጥም፤ በማድረቂያ አሙቆ ለማስፋት መሞከርም ሙጫውን ያላቅቃል እንጂ ብዙ አይጠቅምም። ስለዚህ ከኋላ ወይም ከፊት በክር የሚታሰረውን መረጥን። ክር ልብ ሰፊ ነው፤ ባት ላይ ይላላል፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠብቃል። ወደፊት የሚንሸራተት እግርን ወደ ኋላ ጎትቶ የሚይዘውም የቁርጭምጭሚቱ ክር ነው፤ ዚፕ ይህን አያደርግም።

ሲደርሳቸው ምንጣፍ ላይ ብቻ እንዲሞክሩ ነግሬያቸው ነበር፤ የተጫረ ሶል አንመልስም። በስልክ አብረን አየነው። መጀመሪያ ጣት ላይ አልቸኮልንም። የእግሩ ሰፊው ክፍል፣ ከአውራ ጣት ሥር እስከ ትንሿ ጣት ሥር ያለው፣ ከሶሉ ሰፊ ክፍል ላይ ማረፉን አየን። ከዚያ ቅስታቸው ከቡትሱ ቅስት ጋር መገናኘቱን፤ ከሥር ባዶ ከሆነ ክብደቱ ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል። ከዚያ ተረከዝ፤ በሁለት እግር ቆመው አንድ ጣት ከኋላ መግባት የለባትም። ጉልበት ቀጥ ብሏል። የታኮው ጫፍ ወለሉን በሙሉ ነክቷል። ጣቶቻቸውን ማንቀሳቀስ ይችሉ እንደሆን የጠየቅሁት በመጨረሻ ነው፤ ይችሉ ነበር። ግራ እግራቸው ከቀኙ ትንሽ ያነሰ ስለነበር ግራው ውስጥ ከጣቶች ሥር ስስ የጄል ማስገቢያ አደረጉ። «እንግዲህ እግሬ ጤነኛ ነው ማለት ነው» አሉኝ፤ የተናገሩበትን ቃና አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ ከአለቃዬ ጋር ተነጋገርን። በምርት መግለጫችን ላይ የታኮው ከፍታ በትልቁ ይጻፋል፣ የፊት ሶሉ ውፍረት ግን በአንዳንዱ ሞዴል ላይ ጭራሽ አልነበረም። ልዩነቱ ተሰልቶ ከቁጥሩ ምርጫ በላይ እንዲቀመጥ፣ የጣት ላይ አቋቋም ልኬቱም ከነአለካኩ እንዲጨመር ጠየቅሁ። «ገዢው የሚፈልገው ከፍታውን ነው፤ እሱን ካሳነስነው አይገዛም» አለኝ። የተመለሱ ትዕዛዞችን አውጥተን ደንበኞቹ የጻፉትን ምክንያት አብረን አነበብን። «ጠበበኝም ሰፋኝም» የሚለው ቅሬታ የሚደጋገመው የፊት ሶላቸው ስስ በሆኑት ላይ ነበር። ተስማማ። የባት ልክ ጉዳይ ግን እስካሁን አልተፈታም፤ አምራቾች የሚልኩልን የአንድ ቁጥር ልክ ብቻ ነው፣ ባት ግን ከቁጥር ቁጥር ይለያያል። መጋዘን ያሉት ባልደረቦቼ ጊዜ ሲያገኙ እየለኩ ያስገቡልኛል።

ወንዶች ገዢዎችን በሚመለከት የምጨምረው አለ። በቁጥር ረገድ 44ም 46ም ይገኛል፤ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ግን ቡትሱ ለእነሱ ተሠራ ማለት አይደለም። እግራቸው ብዙ ጊዜ ይሰፋል፣ ክብደታቸውም ይበልጣል። በእንግሊዝ ኖርዝሃምፕተንሺር፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወንዶች ጫማ የሚሠራ አንድ ፋብሪካ ፊቱን ወደዚህ ገበያ ሲያዞር የታኮ ጥንካሬ ትልቅ ጉዳይ የሆነበት ለዚሁ ነው። ስለዚህ ሲደርሳችሁ በአንድ እጅ ታኮውን፣ በሌላው አፍንጫውን ይዛችሁ ለማጣመም ሞክሩ። ቅስቱ ውስጥ የብረት ድጋፍ ያለው ቡትስ አይጣመምም። ታኮው በእጅ ተገፍቶ ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ፣ ልክም ቢሆን መልሱት።

ባሌት ቡትስ የሚባሉትን የሚጠይቁኝም አሉ፤ እግሩን እንደ ባሌት ተወዛዋዥ ጣት ጫፍ ላይ ቀጥ አድርገው የሚያቆሙትን። ታኮአቸው ወደ 18 ሳ.ሜ ይደርሳል፣ የፊት እግር የሚያርፍበት ሶል የለም። እዚህ ላይ የጣት ላይ አቋቋም ልኬቱም አይሠራም። የባሌት ተወዛዋዦች በጣት ጫፍ ከመቆማቸው በፊት ለዓመታት እግራቸውን ያጠነክራሉ፤ ገዢዎቻችን ግን ሳጥኑ በደረሰ ማታ ነው የሚቆሙት። ስለዚህ የምጠይቀው መጀመሪያ ቁጥር ሳይሆን ቆመው ሊሄዱበት ነው ወይስ ተቀምጠው ወይም ተጋድመው ሊያደርጉት የሚለውን ነው። ተቀምጠው ከሆነ፣ ጣቶችን ከሁሉም ጎን የሚይዝ ጠንካራ አፍንጫና እስከ ቁርጭምጭሚት በክር የሚጠብቅ እመርጥላቸዋለሁ። ሊሄዱበት ከሆነ ሌላ ቡትስ አሳያቸዋለሁ፤ ሽያጩ ቢቀርም።