ከዓሣ ነባሪዋ ሥር የዋልንበት ቀን

ለንደን በገባን በሦስተኛው ቀን ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ዝናቡ ያካፋል። ባለቤቴ ለሥራ መጥቶ እኛ ተከትለነው ነበርና እሱ በማለዳ ወጥቷል። እኔ፣ እናቴ፣ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄና አምስት ዓመት ሊሞላት አንድ ወር የቀራት እህቱ ከዝናብ ተጠልለን የምንውልበት ቦታ መፈለግ ነበረብን።

ልቤ ግን ፈርቷል። ከአንድ ቀን በፊት አንድ ትልቅ ሙዚየም ወስጃቸው ነበር። ካርታውን በእጄ ይዤ «ይህችን ሳናይማ አንወጣም» እያልኩ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ስነዳቸው ዋልኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትንሿ ወለሉ ላይ ተዘርግታ አለቀሰች። ትልቁ አላለቀሰም፤ እሱ የባሰ ነው፣ ዝም አለ። ጥያቄው የማያልቅ ልጅ አንገቱን ደፍቶ የጫማዬን ተረከዝ እያየ ሲከተለኝ ዋለ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እናቴ «ለመሆኑ ልጆቹን አሳየሻቸው ወይስ አስሮጥሻቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ቁርስ ላይ አዲስ ደንብ አወጣን። ሁሉም ሰው አንድ ነገር ይመርጣል፤ የመረጠውን እስኪጠግብ ያያል፤ ሌላው ቢቀር ይቀራል። ትንሿ ሳታመነታ «ዳይኖሰር!» አለች። ትልቁ ጨረቃ ድረስ ሄዳ የተመለሰችውን መንኮራኩር መረጠ። እናቴ «እኔ አረፍ የምልበት ካገኘሁ ይበቃኛል» አለች።

እንዲህ ያለ ደንብ ለማውጣት የደፈርኩት የእንግሊዝ ብሔራዊ ሙዚየሞች ቋሚ ስብስባቸውን በነጻ ስለሚያሳዩም ነው። የከፈለ ሰው ሁሉንም ሳያይ መውጣት ይቆጨዋል። በነጻ የገባ ግን ልጁ ሲደክመው ይዞት ወጥቶ በማግስቱ መመለስ ይችላል። ትኬቱን አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ ብቻ ነው።

የምድር ውስጥ ባቡሩ ሳውዝ ኬንሲንግተን ላይ አወረደን። ከጣቢያው ወደ ሙዚየሞቹ የሚወስድ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 የተሠራ የእግረኞች መተላለፊያ ዋሻ አለ። ዝናብ ሳይነካን በዚያ ስንሄድ ልጆቹ ድምፃቸው እንደሚያስተጋባ ደረሱበት። ትንሿ ስሟን ትጠራለች፤ ዋሻው ይመልስላታል። ትናንት ቢሆን «ኑ እንጂ፣ ረፈደ!» ብዬ እጃቸውን እጎትት ነበር። ዛሬ ግን ግድግዳውን ተደግፌ ጠበቅኳቸው። እናቴም አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣ «አቤት!» አለች።

የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሩን የሚከፍተው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ከልጅ ጋር የሚሄድ ሰው ልክ በዚያ ሰዓት ቢደርስ ነው የምመክረው፤ ረፋዱ ላይ ወደ ዳይኖሰሮቹ የሚወስደው ወረፋ ይረዝማል። እናቴን ከዋናው አዳራሽ ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ እርጥብ ጃኬቶቻችንን አጠገቧ ከምረን፣ ወደ ትንሿ ምርጫ ሄድን።

እዚያ ከፍ ባለ መወጣጫ ላይ እየተራመዱ የተንጠለጠሉ አጽሞችን ያያሉ። ትንሿ የመጀመሪያዎቹን በደስታ አየቻቸው። ከዚያ ከወደ ፊት የማጓራት ድምፅ ተሰማ። ቲ ሬክስ የሚባለው ዳይኖሰር፣ በሞተር የሚንቀሳቀስ አካል ተሠርቶለት፣ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ አንገቱን ያወዛውዛል። ገና ሳታየው ቀሚሴ ውስጥ ተወሸቀች። «እሱ እኮ የውሸት ነው» ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ለእሷ ድምፁ እውነት ነው። ወንድሟ «ቆይ፣ እኔ ቀድሜ ልየው» ብሎ ገባና ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ከፊቷ ቁጢጥ ብሎ የሚከተለውን ዘገባ አቀረበ፦ አንገቱ ሲዞር ቆዳው እንደ ጨርቅ ይታጠፋል፤ ዓይኑ ግን የትም አያይም፤ እግሩ ደግሞ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። እሷም የመጨረሻዋን አረጋግጣ ጠየቀችው፤ «አይራመድም?» «አይራመድም።» ያኔ የእኔን ሳይሆን የእሱን እጅ ይዛ ገባች። ቆመው ብዙ አዩት። ስንወጣ ዞር ብላ «ቻው» አለችው።

ወደ ዋናው አዳራሽ ስንመለስ እናቴ ጃኬቶቹን ትታ ቆማለች። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሽቅብ ታያለች። «ኑ ወደዚህ» አለችን፤ «እጇን እዩት።»

ከበላያችን የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አጽም ተንጠልጥሏል። አፏን በሰፊው ከፍታ ከጣሪያው ወደ ታች ልትጠልቅ የምትወርድ ትመስላለች። ርዝመቷ 25.2 ሜትር ነው። ስንገባ እኔም አይቻታለሁ፤ «ትልቅ ነች» ብዬ አልፌያታለሁ። እናቴ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ከሥሯ ተቀምጣ ነበርና እኔ ያላየሁትን አይታለች። ከጎኗ እንደ መቅዘፊያ የተዘረጋው ክንፏ ውስጥ የክርን መገጣጠሚያ አለ፤ ከክርኑ ቀጥሎ እንደ እኛ ክንድ ሁለት አጥንት፤ ከዚያ የእጅ አንጓ፤ ከአንጓው የሚወጡ ረጃጅም ጣቶች። «ዓሣ ቢሆን ጣት ምን ያደርግለታል?» አለች እናቴ። ትልቁ ልጄ የትምህርት ቤቱን ነገር አስታወሰ፤ ስሙ ዓሣ ይበል እንጂ ዓሣ አይደለም፣ ጡት ያጠባል፣ በሳንባ ይተነፍሳል። እኔም የማውቀውን ጨመርኩ፤ ቅድመ አያቶቹ የዛሬ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በእግራቸው የብስ ላይ የሚሄዱ እንስሳት ነበሩ። ትንሿ የራሷን እጅ ወደ ላይ ዘርግታ ከዓሣ ነባሪዋ እጅ ጋር አስተያየችው።

«ስሟ ማነው?» አለች። ሆፕ ነው፤ ተስፋ ማለት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1891 አየርላንድ ውስጥ ዌክስፎርድ ወደብ ላይ አሸዋ ይዟት የሞተች ናት። እዚህ መካከለኛው ቦታ ላይ የሰቀሏት እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን ስሙም ያኔ ነው የወጣላት። ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች በአደን ብዛት ሊያልቁ ተቃርበው ነበር። በ1800ዎቹ በዓለም ውቅያኖሶች ላይ ወደ 250,000 ይደርሱ ነበር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ግን 400 ገደማ ብቻ ቀርተው ነበር። በዚያው ዓመት፣ በዚሁ በለንደን ከተማ፣ አገሮች ተሰብስበው እንዳይታደኑ ተስማሙ። ዛሬ ቁጥራቸው ወደ 20,000 እንዳገገመ ይገመታል። ይህን ሳነብላቸው እናቴ «ሁሉም እሺ አሉ?» ብላ ጠየቀች፤ ደግማም ጠየቀች። ትልቁ 20,000 ሲካፈል ለ400 ስንት እንደሆነ በጣቱ ሲያሰላ ቆየና «ሃምሳ እጥፍ» አለ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። የመጣሁት ዝናብ ልሸሽ ነበር፤ አሁን ግን ልጄ ከአንድ ፍጥረት ሥር ቆሞ ከጥፋት መመለስን በቁጥር ሲያሰላ እያየሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ትልቁ ከአፏ ጫፍ እስከ ጅራቷ ከሥሯ እየተራመደ ለካት፤ 42 እርምጃ። ትንሿ እስከ ሃያ ትቆጥርና እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ማንም አላረማትም።

እናቴ ያገኘችው ሌላም ነበር። አልፍሬድ ዋተርሃውስ የተባለው አርክቴክት የነደፈው ይህ ሕንጻ እ.ኤ.አ. በ1881 ሲከፈት ውስጡም ውጪውም በተተኮሰ ሸክላ ቅርጾች ተሞልቶ ነበር። በምሥራቁ ክንፍ በኩል ያሉት ቅርጾች ከምድር የጠፉ እንስሳት ናቸው፤ በምዕራቡ በኩል ያሉት ዛሬም ያሉ። በዋናው አዳራሽ ደግሞ ቅስቶቹን ይዘው ሽቅብ የሚወጡ ጦጣዎች አሉ። ዓይን ካልፈለጋቸው አይታዩም። አንዷን እናቴ በጣቷ ስታሳያቸው ልጆቹ ጮኹ። ከዚያ የማን ዓይን ብዙ ጦጣ ያገኛል የሚል ውድድር ተጀመረ። ትንሿ ቁመቷ ስለማይደርስ በእኔና በእናቴ ተራ በተራ ታቅፋ ፈለገች። አሥራ ሰባት ላይ ስንደርስ ሁለቱ «ይህችን ቆጥረናታል»፣ «አልቆጠርናትም» ተባብለው ተጣሉ። እኛም ምሳ ሰዓት ነው ብለን ገላገልናቸው።

ትልቁ ስለ ምድር መንቀጥቀጥ አንብቦ ስለነበር ከሰዓት በፊት አንድ ነገር ለመነኝ። እ.ኤ.አ. በ1995 የጃፓኗን ኮቤ ከተማ የመታው ርዕደ መሬት የሚሰማበት ክፍል አለ፤ እንደ ሱፐርማርኬት ተሠርቶ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ወደዚያ የሚያደርሰው ኤስካሌተር በትልቅ የመሬት ሉል ሆድ ውስጥ አቋርጦ ይወጣል። ልጆቹ ወለሉ ሲናጥ ሳቁ። ስንወጣ ግን ትንሿ ቆም ብላ «እዚያ የነበሩት ልጆችስ?» አለችኝ። በዚያ አደጋ ከ6,000 በላይ ሰው አልቋል። ምን ልበላት? ቁጥሩን አልነገርኳትም፤ ግን አልዋሸኋትም። «ብዙ ሰው ሞቷል፤ ብዙዎችም ድነዋል፤ ከዚያ በኋላ ቤቶቻቸውን ጠንካራ አድርገው ሠሩ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና አቅፋኝ ሄደች። የትንሽ ልጅ ወላጅ ወደዚያ ክፍል ከመግባቱ በፊት ቢያስብበት ጥሩ ነው፤ እኔ አላሰብኩበትም ነበር።

የሳይንስ ሙዚየም እዚያው አጠገቡ ነው። ትንሿ ከምሳ በኋላ አያቷ ጭን ላይ ተኝታ ስለነበር ሁለቱን በጸጥታው ጥግ ትተናቸው እኔና ትልቁ ብቻ ሄድን። ከሁለት ልጆች አንዱን ብቻ ይዞ መሄድ ሌላ ዓለም ነው፤ አሳንሰር መፈለግ፣ ጋሪ መግፋት፣ ሽንት ቤት መሯሯጥ የለም።

የአፖሎ 10ን መንኮራኩር ስናገኛት ልጄ መጀመሪያ ያለው «ትንሽ ናት!» ነው። እውነቱን ነው። ሾጣጣ ናት፤ ሰውነቷ እሳት እንደነካው ምጣድ ጠቁሮ ቡናማ ሆኗል። ያ ጠባሳ ወደ ምድር ስትመለስ ከአየሩ ጋር ባደረገችው ግጭት የመጣ ነው። ያኔ ፍጥነቷ በሰዓት 40,000 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 1969 ሦስት ሰዎች በውስጧ ተቀምጠው ጨረቃ ዘንድ ሄዱ። ሁለቱ በሌላ መንኮራኩር ተገንጥለው እስከ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጨረቃ ወለል ከቀረቡ በኋላ ሳይረግጡት ተመለሱ። ሥራቸው ልምምድ ነበርና፤ ከሁለት ወር በኋላ አፖሎ 11 ያረፈችው እነሱ በፈተሹት መንገድ ነው።

ልጄ ይህን ሊቀበል አልቻለም። «እዚያ ድረስ ሄደው?» አለ። «15 ኪሎ ሜትር ብቻ ቀርቷቸው?» ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ የሦስቱን ሰዎች መቀመጫ አየ። ከዚያ ጥያቄው እንደ ወንዝ መጣ፤ ማን ነው ብቻውን የቀረው? ተናደዱ? የት ነው የተኙት? ሲያስነጥሳቸውስ? አንዳንዱን መለስኩ፤ አንዳንዱን አብረን ከጽሑፉ ላይ ፈለግን። አጠገባችን ስንት ነገር እንዳለፈን አላውቅም። እዚያች አንዲት መንኮራኩር ፊት አርባ ደቂቃ ቆምን። ትናንት ዝም ብሎብኝ የዋለው ይኸው ልጅ ነው።

ወደ ማረፊያችን ስንመለስ ዝናቡ አልቆመም። ዋሻው ውስጥ ትንሿ አያቷን «እማማ፣ ነገም አቤት በይ» አለቻት።

በማግስቱ ሰማዩ ጠርቶ አደረ። ፀሐይ ከተገኘ መናፈሻ ልውሰዳቸው ብዬ ቦርሳ ሳዘጋጅ፣ ትንሿ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ ተጫምታ በሩ ላይ ቆማለች።

«ጦጣዎቹን እኮ አልጨረስናቸውም» አለችኝ።