እንኳን አደረሳችሁ ከደሴ፣ ስለ ለቅሶም ትንሽ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! ሁዳዴን ሙሉውን የፆማችሁም፣ የመጨረሻዋ ሳምንት ላይ ብቻ ብቅ ያላችሁም (ራሳችሁን ታውቃላችሁ) እኩል እንኳን ደስ አላችሁ፣ ዶሮው አይለይም።

ሌላ ጊዜ የድፎ ዳቦ ፎቶ ለጥፌ ነው የምጠፋው፣ ዘንድሮ ግን ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለና ላውራው። ስለ ለቅሶ ነው። በዓውደ ዓመት ምን ለቅሶ አመጣህ ለምትሉኝ፣ ጥላሁን ገሠሠም ያረፈው በፋሲካ ዕለት ነው፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001። ሰፈራችን ሰው ገና ጾም ፈትቶ ሳይጠግብ ነው ወሬው የገባው። ጎረቤታችን ሐጂ ዘፈን የሚባል ነገር ቤታቸው አያስገቡም፣ ግን የቀብሩ ቀን እኛ ቤት መጥተው ቲቪው ፊት ቁጭ አሉ፣ ቅድስት ሥላሴ ተቀብሮ እስኪያልቅ ድረስ ንቅንቅ የለም። እናቴ ገርሟት ብትጠይቃቸው "ዘፈኑን አላውቀውም፣ ሰው ሞቶ ግን ቤት አይዋልም" አሏት፣ ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ። በአማርኛም በኦሮምኛም የዘፈነ ሰው ነው፣ ያን ቀን ግን እኛ ቤት የማን ወገን ነው ብሎ የጠየቀ አላስታውስም።

አሁን አንድ የታወቀ ሰው ሲሞት ከ"ነፍስ ይማር" በፊት የሚመጣው "የየት ሰው ነበር" ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔንም አንዳንዴ ያምረኛል። የሚገርመው ግን እኛ ወሎዎች ለዚህ ጥያቄ የማንመች ሰዎች መሆናችን ነው፣ የአባቴ ስም ከቤተክርስቲያን ነው፣ የአያቴ ደግሞ ከመስጊድ፣ ከዛ በላይ ስትቆጥሩ እንደገና ይገለበጣል። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው እኮ ክርስትና ሳይነሡ፣ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በፊት፣ መሐመድ አሊ ነበሩ (በውድ ነው በግድ ነው የሚለውን ለሌላ ቀን)። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንስ? ሲድኒ ተወልደው፣ በ1951 ከባላቸው ጋር አዲስ አበባ መጥተው፣ የፌስቱላ ሆስፒታሉን አቋቁመው፣ መጋቢት 2012 እዛው አዲስ አበባ ቤታቸው በ96 ዓመታቸው አረፉ። ያው ኮሮና የገባበት ሰሞን ስለነበር እንደሚገባው እንኳን አልተለቀሰላቸውም። የየት ሰው ነበሩ ትላላችሁ?

በኛ አገር ለዚህ መልሱ ቅሬ ነው። የሌላ አገር ጓደኞቼ እድር የምትሉት ማለት ነው፣ ሰው ሲሞት ይነገራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን አስከሬን ቤተክርስቲያን ድረስ ይሸኛል፣ ክርስቲያኑም ጀናዛውን ይከተላል፣ የቀረ ይቀጣል። ይሄ ቅጣት ነገር ልጅ ሆኜ ያናድደኝ ነበር፣ ለቅሶ በቅጣት ይሆናል እንዴ እል ነበር። አሁን ግን ቅሬ ማለት ያ ቅጣቱ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም የምትወደውን ለመቅበር ማንም አያስገድድህም፣ ግዴታው ያስፈለገው ለማትወደው፣ በድንበር ለተጣላህው፣ ሰላም ለማትለው ጎረቤትህ ነው። አገር ማለትም ለኔ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ነሐሴ 2004 አቡነ ጳውሎስና ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ በአራት ቀን ልዩነት ሲያርፉ ከልቡ ያለቀሰም ተጠርቶ የወጣም ነበር፣ ያኔ በተጠሩት ስቄ ነበር፣ ዛሬ ቢሆን እንደዛ አልስቅም። ቅሬው ግን የሚጠራህ ነገ አንተንም ሊቀብርህ ነው፣ እሱ ይለያል።

ወደ መሥሪያ ቤት ልምጣ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ኮምቦልቻ የድርጅት ሰው በዝቷል፣ የቀበሌውም የፋብሪካውም ግድግዳ ላይ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት የሚል ሰሌዳ አለ። የምሠራበት ድርጅት (ስሙ ይቅር፣ እንጀራዬ ነው) ሪሴፕሽን ላይ በመስታወት የተሠራ አለው፣ ሁለተኛው እሴት "ሠራተኞቻችን ቤተሰቦቻችን ናቸው" ይላል። አንድ ታዋቂ አርቲስት የሞተ ቀን ሎጎአችን ሰዓት ሳይሞላ ጥቁር ሆኖ "የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን" ምናምን ተፖሰተ፣ ጥሩ ነው፣ ምንም አልልም። በዛው ወር ግን የሌሊት ጥበቃችን አረፉ፣ በጠዋት በር ሲከፍቱ "አብሽር ልጄ" የሚሉን አባት። ለቀብር ፈቃድ ስንሞላ ቅጹ ላይ "ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና" የሚል መስመር አለ። አዋጅ 1156/2011 ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅ፣ ለልጅና እስከ ሁለተኛ ደረጃ ላለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሦስት የሥራ ቀን ከነደሞዙ ይሰጣል፣ ጥበቃ የሚባል ዘመድ የለውም። አንዱ ልጅ ምን ቢጽፍ ጥሩ ነው፣ "ቤተሰብ፣ እሴት ቁጥር 2ን ይመልከቱ"። ኤችአሯ ሳቀች፣ ከዛ ሲስተሙ አይቀበልም ብላ መለሰችለት።

በምሳ ሰዓት በባጃጅ ተሳፍረን፣ ቦርከናን ተሻግረን ሄድን፣ ከደሞዛችን ይቆረጥ ብለን። ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ ኤችአሯ ከኛ ቀድማ ደርሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች፣ ንፍሮ ይዛ። ምንም አልተባባልንም። ከሰዓቱም አልተቆረጠም፣ ማን እንዳስተካከለው እስከዛሬ አልጠየቅንም። ሰሌዳው ላይ ያለችው ሁለተኛዋ እሴት እውነት የሆነችው እዛ ድንኳን ውስጥ ነው፣ ድርጅቱ ግን ይሄን የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ባለፈው ደግሞ ከአዲስ አበባ አሠልጣኝ አምጥቶ እሴቶቹን ከአምስት ወደ ሰባት አሳድጎልናል።

በሉ አበዛሁት። ዘንድሮ ሰው ያጣችሁ፣ የመጀመሪያ በዓላችሁ የሆነ፣ እግዜር ያጽናችሁ፣ መምጣት ባልችል እደውላለሁ። ደሴ ያላችሁ ነገ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ሙስሊም ጓደኞቼ ሰበብ የላችሁም፣ አንዱን በግ የሚያርደው የሐጂ ልጅ ነው፣ ድስቱም ለብቻ ነው። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ሐረጎ ላይ ጉሙ ሳይወርድ ውጡ፣ ከመሸባችሁም እዚሁ ታድራላችሁ፣ ፍራሽ ሞልቷል።