ፒያኖዬ ላይ የሚያድሩ መጻሕፍት

ዲሲ ከመጣሁ ጀምሮ ዩ ስትሪትን የማውቀው በምግቡ ነው። ክትፎ፣ ጾም ከሆነ ሽሮ፣ ከዚያ ቡና። ስንትና ስንት ጊዜ በቁጥር 1211 በር አልፌያለሁ፤ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። አሁን ግን ሳልቆም ማለፍ አቃተኝ። በ1938 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) እዚያ አድራሻ በነበረ ክለብ ጄሊ ሮል ሞርተን ፒያኖ ይጫወት ነበር። የኒው ኦርሊንስ ልጅ ነው። በ1920ዎቹ ስሙ የገነነ፣ ያን ጊዜ ግን ዘመን ፊቱን ያዞረበት ሰው።

ይህን ያወቅኩት ከመጽሐፍ ነው። አለን ሎማክስ በ1950 ያሳተመው «ሚስተር ጄሊ ሮል» ይባላል። ሎማክስ ያኔ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሕዝብ ዘፈን የሚሰበስብ ወጣት ነበር። በሜይ 1938 ሞርተንን እዚያው ግቢ ኩሊጅ አዳራሽ ውስጥ ፒያኖ ፊት አስቀመጠው፤ የሸክላ መቅጃውን አስነሳና ታሪክህን ንገረኝ አለው። ሰውዬው ማውራት ጀመረ። ሲያወራም እጁ ከፒያኖው አይለይም። በገና ደርዳሪ ጨዋታ ሲይዝ ጣቱ ክሩን እንደማይለቅ ማለት ነው። ቅጂው በሰዓታት ነው የሚቆጠረው፤ ሎማክስ ከዚያ ቀድቶ መጽሐፍ አደረገው። የቀብር ሰልፉ አለ፣ ቁማሩ አለ፣ የኒው ኦርሊንሱ የስቶሪቪል ሰፈር የሌሊት ቤቶች አሉ፣ ሞርተን ከራሱ በላይ የሚያስቀምጠው ፒያኒስት ቶኒ ጃክሰን አለ። ሳነበው ድምፁ ይሰማኛል።

ግን ሞርተን ጃዝን እኔ ነኝ በ1902 የፈጠርኩት ይላል። የጥምቀት መዝገቡ የተወለደው በ1890 ነው ይላል። 12 ዓመቱ ነበር ማለት ነው! ይህን ሳውቅ መጽሐፉን አልጠላሁትም። ሌላ ዓይነት መጽሐፍም እንደሚያስፈልገኝ ነው የገባኝ።

ያንን ከኤድዋርድ በርሊን አገኘሁት። «ኪንግ ኦፍ ራግታይም» የስኮት ጆፕሊን የሕይወት ታሪክ ነው፤ ጆፕሊን ከጃዝ ቀድሞ የመጣው የፒያኖ ስልት፣ የራግታይም፣ ዋና ደራሲ ነው። መጽሐፉ በ1994 ወጣ። በርሊን ወሬ አያምንም። መዝገብ ያገላብጣል፣ የድሮ ጋዜጣ ይፈትሻል። ጆፕሊን የተወለደው ኖቬምበር 24 ቀን 1868 ነው ተብሎ ለዘመናት ተጽፏል። በርሊን የ1870ን የሕዝብ ቆጠራ ያወጣል። ቆጣሪው ቤታቸው የደረሰው በጁላይ ነው፤ ሕፃኑን 2 ዓመቱ ብሎ መዝግቦታል። በኖቬምበር 1868 ቢወለድ ገና 1 ዓመት ከምናምን ነበር። በቃ፣ ቀኑ ወደቀ። የእናቴ የልደት ቀን በየወረቀቱ የተለያየ ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ ይህን ገጽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

የጆፕሊን ዝነኛ የፒያኖ ሥራ ስለሆነው ስለ «ሜፕል ሊፍ ራግ»ም እንዲሁ። ሥራው በ1899 በሚዙሪ፣ ሲዳሊያ ከተማ ታተመ። ጆፕሊን ከአሳታሚው ጆን ስታርክ ጋር የተዋዋለው ከእያንዳንዱ ቅጂ 1 ሳንቲም ሊያገኝ ነው። ወዲያው አገር ምድሩን አጥለቀለቀው ይባል ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው ግን ወደ 400 ቅጂ ነው። ለጆፕሊን 4 ዶላር። ኖታው እየቆየ ነው የገነነው፤ ጆፕሊንንም ለዓመታት የደገፈው ያቺው 1 ሳንቲም ናት።

ከሁሉም ያንገበገበኝ የፍሬዲ አሌክሳንደር ነገር ነው። ጆፕሊን በጁን 1904 አገባት። ሦስት ወር ሳይሞላ በሳንባ ምች ሞተች። 20 ዓመቷ ነበር። ከበርሊን በፊት የጻፉት ሰዎች ይችን ልጅ ጭራሽ አያውቋትም። «ዘ ክራይሳንተመም» የሚለውን ሥራ ለእሷ ነበር ያበረከተው፤ ስሟ ኖታው ላይ ታትሞ ሳለ ማንነቷን የጠየቀ አልነበረም። በርሊን ጠየቀ።

ሩዲ ብሌሽና ሃሪየት ጃኒስ በ1950 ያሳተሙት «ዘይ ኦል ፕሌይድ ራግታይም»ም አለኝ። ብዙ ስህተት ተገኝቶበታል። ሆኖም እነሱ የጆፕሊንን የመጨረሻ ባለቤት ሎቲን በሕይወት ደርሰውባት አነጋግረዋል። ያንን ዕድል ከእነሱ በኋላ የመጣ ሰው አያገኘውም።

ከእነዚህ መጽሐፎች አንዱን ብቻ የሚያነብ ሰው ያሳዝነኛል። ሞርተን ይነግራችኋል፣ በርሊን ያጣራላችኋል። ጎን ለጎን ነው መነበብ ያለባቸው፤ እሱም ፒያኖ አጠገብ።

እኔ ፒያኖ የጀመርኩት በ41 ዓመቴ ነው፣ ከ9 ዓመት ልጄ ጋር። ባለ 88 ቁልፍ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ገዛን። ራግታይም ላይ ግራ እጅ እንደ ማርሽ ቀጥ ብሎ ይረግጣል፤ ወፍራሙን ድምፅ ይመታል፣ ወደ ላይ ዘሎ ኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ድምፆች) ይመታል፣ ይመለሳል። ቀኝ እጅ ደግሞ ምቱን ጠብቆ አይገባም፤ ይቀድማል ወይ ይዘገያል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ መከራ ነው። ልጄ «አባዬ፣ እጅህ ይሮጣል» ትለኛለች። ጆፕሊንም ራግታይምን በፍጥነት መጫወት ፈጽሞ ልክ አይደለም ብሎ ኖታዎቹ ላይ አሳትሞ ነበር። በ1908 ያወጣት ትንሽ የመማሪያ መጽሐፍም አለች፤ 6 መልመጃ ብቻ ናት። የመጀመሪያዋን አንድ ወር ፈጅቼባታለሁ።

የጃዝ ባንድ መሪው ዱክ ኤሊንግተን እዚሁ ዲሲ ወጣት ሳለ በሌላ መንገድ ነው የተማረው። የፒያኒስቱን የጄምስ ፒ. ጆንሰንን «ካሮላይና ሻውት» ራሱን በሚጫወት ፒያኖ ላይ ጫነ። ይህ ፒያኖ የተቦረቦረ የወረቀት ጥቅል እያነበበ ቁልፎቹን ራሱ ይጫናል። ፍጥነቱን ቀነሰና፣ ቁልፎቹ ወደ ታች ሲወርዱ ጣቶቹን እዚያው ላይ እያሳረፈ አጠናው። በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከጃንሆይ ኒሻን የተቀበለው፣ ከሙላቱ አስታጥቄም ጋር የተገናኘው ይኸው ሰው ነው። የሁለቱን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ወረቀቱን ተከትለው የሚወርዱት ቁልፎች ይታዩኛል።

ባለፈው እሁድ ከልጄ ጋር የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍቱን ቅጂ ከፈትን። ሞርተን እዚያ «ሜፕል ሊፍ»ን ሁለት ጊዜ ይጫወተዋል። መጀመሪያ የሚዙሪ ሰዎች እንደሚጫወቱት፣ ቀጥሎ በራሱ አገር ስልት። ኖታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። በመጀመሪያው ላይ ልጄ በጣቷ መስመር በመስመር ተከተለችው። ሁለተኛው ሲጀምር ጣቷ ብዙም ሳይሄድ ቆመ። ዜማው ያው ነው፤ ግራ እጁ ግን ማርሹን ትቶ እንደ ትሮምቦን መመለስ ጀመረ፣ ምቱም ተወዛወዘ። ሞርተን ፒያኖ ሙሉ ባንድ መምሰል አለበት ይል ነበር፤ የተናገረው እዚያ ላይ በጆሮዬ ገባኝ።

ልጄ ኖታውን ትክ ብላ አየችው። «ይሄ የት ነው የተጻፈው?» አለችኝ።

የትም አልኳት። ኖታውን አጠፈችና እንደገና ክፈተው አለችኝ።